ድምፅ ይካተት

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሆድሽስ እንዴት ነው? ከአልጋ አትውረጂ መባልሽን ሰምቻለሁ፤ መቀመጥ እንደማትወጂም አውቃለሁ። እባክሽ ለልጁ ስትዪ ተኚ።

የምነግርሽ ነገር አለ። ልጻፈው፣ ልተወው ስል ሰነበትኩ። ወንድም ጋሼ ስለ እኔ «ጭጭ የምትልክልኝ ቪዲዮ ሁሉ ድምፅ የለውም» ብሎ እንዳማረረ፣ አንቺም ምክንያቱን እንደጠየቅሽኝ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ። ቪዲዮው አልተበላሸም፣ እትዬ። ድምፁን የማወጣው እኔ ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ያለነው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። እማዬ መናገር ካቆመች ወዲህ ጆሮዋ የሰላ ይመስለኛል፤ ማንኪያ ሳነሳ እንኳ ዞር ትላለች። ደግሞም ስልክ ላይ እንደምንተባተብ ታውቂያለሽ። ስለዚህ የምሠራበት ፎቶ ቤት ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። አንቺም መልሱን በፎቶ ቤቱ በኩል ላኪልኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ወንድም ጋሼ ዋሻ የሚቆፍሩበት ካምፕ ኔትወርክ የለም። ቪዲዮ የምጭንበትን ፍላሽ የሚያደርስልኝ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው፤ የወንድም ጋሼንም ብጣሽ ወረቀት እሱ ያመጣልኛል። የካምፑ ማጫወቻ ደግሞ አሮጌ ነው። በስልክ የተቀረጸን ቪዲዮ እንዳለ አይቀበልም፤ ፎርማቱ መቀየር አለበት። ይሄ እኔ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሥራ ነው፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስቀይር እውላለሁ።

መጀመሪያ የላክሁለት ቪዲዮ የእውነት ድምፅ አልነበረውም። ባለፎቶ ቤቱን ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አስረዱኝ። ቪዲዮ ማለት፣ አሉ፣ በአንድ መኪና የተሳፈሩ ሁለት መንገደኞች ማለት ነው፤ ምስልና ድምፅ። ምስሉን ማጫወቻው ያውቀዋል፣ ያስገባዋል። የድምፁን ዓይነት ግን ስለማያውቀው በር ላይ ያስቀረዋል። «ድምፁ አልጠፋም፣ ልጄ፤ አለ። ቋንቋውን የሚያውቅለት አጥቶ ነው» አሉኝ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ የድምፁን ዓይነት አሮጌው ማጫወቻ ወደሚያውቀው መቀየር፣ ከሥሩ ባለችው ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን ማየት፣ ከመላክ በፊት ደግሞ በማዳመጫ መስማት። ሳጥኗ «ድምፅ ይካተት» ማለት ናት።

ይህን በተማርኩበት ሳምንት እማዬ ሆስፒታል ገባች። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ጉሮሮዋ ውስጥ በበቀለው እብጠት ማንቁርቷን አወጡት። ያ መናኸሪያውን የሚያናውጥ ድምፅ፣ ሹፌሮቹ «ጥሩምባ ካለች ክላክስ ለምኔ» የሚሉለት ድምፅ፣ እንደወጣ ቀረ። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። ቃሉን በከንፈሯ ትሠራዋለች፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። አዝግማ ስትናገር አንዳንዱን እይዛለሁ፤ ስትፈጥን ያመልጠኛል። ዕድሜ ልኳን ቲኬት ስትቆርጥ ስለኖረች ቁጥር እንጂ ፊደል ብዙም አይሆንላትም፤ ስለዚህ አትጽፍም።

ወደ ቤት ስትመለስ የመጀመሪያ ትእዛዟ «ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» የሚል ነበር። አባባ ያረፈ ጊዜ ወንድም ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ መጥቶ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሰጡበት አልረሳችም። አሁን ደግሞ የማሽን ኦፕሬተርነት ፈተናው እየደረሰ ነው። ቢሰማ እዚያ አያድርም።

ቪዲዮው እንዲቀርም አትፈልግም። ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ስልኩን በርጩማው ላይ ካውያ አስደግፌ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ውጪ ትለኛለች። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ውስጥ ሆና የሚያወራ ሰው ለመምሰል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድምፁን ብተወው የጎረቤት በር ይሰማል፣ የድስት ክዳን ይሰማል፣ የእሷ ግን የአንገቷ ፉጨት ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኗ ላይ ያለውን ምልክት አነሳዋለሁ። የመጀመሪያው የእውነት ስለተበላሸ፣ ለተከታዮቹም ያው ጣጣ ነው አልኩት።

ጥፋት ከሆነ ንገሪኝ።

ታናሽሽ፣ ጭጭ


ኅዳር 17 ቀን

ለጭጭ፣

ደብዳቤሽን ተኝቼ አነበብኩት። ተኝቼ እበላለሁ፣ ተኝቼ እቆጣለሁ። ባሌ አሁን አሁን የሚያናግረኝ በር ላይ ሆኖ ነው።

ስኳር ቅማ ማንም ሳይጠይቃት የምታለቅስ ልጅ ውሸት ተማረች። አይዞሽ፣ አንቺ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። እማዬ ካለች አለች ነው። እስኪፈተን ድረስ ማሽኑ ነው በይ። ማሽን አይከሰስ፣ አይምል።

ብቻ ያቺ ትንሽ ሳጥን የአንቺንም አፍ እንዳትዘጋው። እማዬ ሆድ ውስጥ እያለሽ ነው ድምፅሽን የሰጠሻት እያልኩ ስቀልድብሽ እንደነበረው አይደለም አሁን፤ እዚያ ቤት የምትናገሪ አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለ ሐኪሙ ቀጠሮ ምንም አልጻፍሽም። ረስተሽው ነው ወይስ ዘለሽው?

እትዬሽ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም ደርሰውኛል። ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀጠሮው ገና ነው።

አዎ፣ የመጀመሪያው ቪዲዮ አለ። ዋናው ፋይል ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እማዬ እዚያ ላይ ድምፅ አላት። ሻካራ ነው፤ «ጉንፋን ነው፣ አትስጋ» ትለዋለች። ወዲያው ደግሞ «ቆብህን አውልቀህ እንዳላይ፤ ድንጋይ ዘመድ አያውቅም» ብላ ትጮህበታለች። ባለፎቶ ቤቱ ለምሳ ሲወጡ ማዳመጫውን ሰክቼ እሰማዋለሁ። ለምን አትልኪለትም ላልሽኝ፣ እሱ በድምፅ ከደረሰው ማስተካከሉን ችዬበታለሁ ማለት ነው። የቀሩትስ ምን ሆኑ ማለቱ አይቀርም። አንዱን ብሰጠው ሁሉንም መስጠት አለብኝ።

በሩ ላይ ለምን እንደምቆምም ጠይቀሽኛል። እማዬ እኔ እያየኋት ማስመሰል ታፍራለች መሰለኝ። እኔም እሷን ማየት አልችልም። ስቀይረው እንኳ ማያው ጥግ ላይ ትንሽ ምስል ይመጣል፤ በእጄ እሸፍነዋለሁ። አንዱንም ተቀምጬ አይቼው አላውቅም።

ሹፌሩ ያመጣልኝን ወረቀት ልገልብጥልሽ፤ ብቻዬን መያዙ ከበደኝ። «የሰው ሠርግ ሙዚቃው ሳይጎድል ትሠሪያለሽ፤ የእናቴን ድምፅ መላክ አቃተሽ? እዚህ የዲዳ ሲኒማ ባለቤት ብለውኛል። ቸልተኛ መሆንሽን አላውቅም ነበር» ይላል። ከሥሩ የካምፑ ኤሌክትሪሻን የነገረውን ጽፎልኛል። መጀመሪያ ዋናው ፋይል ላይ ድምፅ መኖሩን ስሚ፣ በሌላ ማጫወቻ ሞክሪው፣ የድምፁን ዓይነት ቀይሪ፣ ሳጥኗን አትርሺ። ሁሉም ትክክል ነው። እኔም ደንበኛ ሲጠይቀኝ የምለው ይኸንኑ ነው። ትምህርት ስላቋረጥኩ እንዳይቸግረኝ ብሎ ፊደሉን አግዝፎ፣ እየነጣጠለ ነው የጻፈው። ከቁጣው ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ሹፌሩ ደግሞ ባለፎቶ ቤቱ ፊት «እናንተ ቤት የገባ ድምፅ አይወጣም አሉ» ብሎ ሲቀልድ ደንበኞች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ሲሄድ መጥተው ከኋላዬ ቆሙና ማያውን አዩት። ምልክት የሌላትን ሳጥን አዩአት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። «ሰው ሳጥን የሚረሳው አንዴ ነው» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እንደ እማዬ ሆንኩ፤ ከንፈሬ እንጂ ሌላው አልመጣም።

ጭጭ


ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ስላልጻፍኩ መጨነቅሽ ትክክል ነው። እንዳትደነግጪ ተኝተሽ አንብቢው። የቀጠሮውን ነገር ዘልዬው ነበር። እብጠቱ ተመልሷል። ሐኪሙ ሲያስረዱን እኔን እያዩ ነው ያወሩት፤ የማትናገር ሰው የማትሰማም ይመስላቸዋል መሰለኝ። እማዬ በጣቷ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አድርጋ ወደ ራሷ አዞረቻቸው። ከዚያ ሁሉንም በእርጋታ ነገሯት። ሌላ ጊዜ መቁረጥ አይቻልም ብለዋል። ሕመሙን የሚያስታግስ ጽፈውላታል። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት አልጠየቅኩም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ስንመለስ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ፈለገች። ድሮ የምትቆምባት መስኮት ላይ አንድ ልጅ በድምፅ ማጉያ ይጣራል፤ ቃሉ አይለይም። አንድ አሮጌ ሹፌር አያትና ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «ጥሩምባ፣ ምነው ኩርፊያ ነው?» አላት። መታመሟን አልሰማም ነበር። እማዬ ሻርፗን ዝቅ አድርጋ አሳየችው። ሰውየው ክላክሱን ረጅም አድርጎ ነፋላት። እሷም የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ እንደ ድሮው ሞልቷል ሂድ እንደምትለው፣ አሳለፈችው። ቤት እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

ወንድም ጋሼን ጠይቀሽኛል። ከዚያ ወረቀት ወዲህ ስለ ድምፁ አንድም ቀን አልጠየቀም። «ደረሰኝ። እማዬን ሳሚልኝ» ብቻ ነው የሚጽፈው። ተስፋ የቆረጠብኝ ይመስለኛል። ለአንቺም እንደዚያው አሳጥሮ ከጻፈ አኩርፎናል ማለት ነው።

የገረመኝን ልንገርሽ። ሹፌሩ በመጣ ቁጥር እማዬ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስለ ድምፁ ጠየቀ?» ትለኛለች። ድሮ አዎ ስላት ትሥቅ ነበር። አሁን አልጠየቀም ስላት ደስ ይላታል ብዬ አስቤ ነበር፤ ውሸታችን ያዘ ማለት ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወንድም ጋሼ ይነገረው ወይ ብዬ በምልክትም በቃልም ለመንኳት። እጇን አፌ ላይ ጫነችው።

ጭጭ


ጥር 22 ቀን

ለጭጭ፣

ወለድኩ። ሴት ናት። ስታለቅስ ሰፈሩ ይነሳል፤ አማቴ ይቺ ደግሞ ማንን ወጣች እያለች ትገረማለች። እኔ አውቃለሁ፤ ግን እንዳላለቅስ ብዬ አልነገርኳትም።

ተነስቼ መምጣት አልችልም። ገና መቀመጥ አልተፈቀደልኝም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እስኪፈተን ዝም በይ ያልኩሽ አፍ የእኔ አልመስል አለኝ። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው። እማዬን የምታያት አንቺ ነሽ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እንግዲህ የወሰንሽውን እኔም ወስኜዋለሁ።

የልጅቷን ለቅሶ በስልክ ቀርጼ ልኬልሻለሁ። ለእማዬ አሰሚያት።

እትዬሽ


የካቲት 5 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ለቅሶውን እማዬ ጆሮዋ ላይ አስደግፋ ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ራሷ ጠቆመች፤ እኔን ነው የወጣችው ማለቷ ነው።

ዛሬ ሹፌሩ እንደሌላው ጊዜ ብጣሽ ሳይሆን የታሸገ ደብዳቤ አመጣልኝ። ወንድም ጋሼ የጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ጭጭዬ፣ ባሩድ የሚባል ድንጋይ አፈንጂ ከሌላ ፈረቃ ወደ እኛ ተዛውሮ መጣ። ጆሮው በሥራው አልቋል፤ የሰው ወሬ የሚሰማው ከንፈር እያየ ነው። ያንን ክፉ ወረቀት ከላክሁልሽ በኋላ የመጣውን ቪዲዮ አብሮን ሲያይ፣ ሌላው በዲዳው ሲኒማ ሲያሾፍ እሱ ብቻውን ይሥቅ ጀመር። ምን አሳቀህ አልኩት። እናትህ ትሰድብሃለች አለኝ። በፎቶ የላክሁትን ፂሜን አይታ ‹ሳልሞት ለቀስተኛ መሰልክ› ትላለች አለ። የማያውቃት ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ከዚያ መሣቁን ተወ። ግማሹን ያመልጠዋል፤ ግማሹን ግን ነገረኝ። ‹ይህን የምነግርህ እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ነው› ትላለች። ‹ጉሮሮዬን አውጥተውታል፤ ጥሩምባህ ተዘግታለች። አንተ ሥራህን ጨርስ፤ አትምጣ። ልጅቷን አትቆጣት፤ ያስገደድኳት እኔ ነኝ።›

«ካወቅሁ በኋላ ስለ ድምፁ መጠየቅ አፈርኩ። እንድጨርስ ከፈለገች ልጨርስላት ብዬ ዝም አልኩ። ያንን ቃል ስለጻፍኩብሽ ይቅር በዪኝ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። አሁን የጻፍኩልሽ ግን በመጨረሻው ቪዲዮ ምክንያት ነው። ባሩድ አይቶ ሲጨርስ ምን አለች ብለው አልነግርህም አለኝና ተነስቶ ወጣ። እስከ ዛሬም አልነገረኝም። ፈተናው በወሩ መጨረሻ ነው። ተፈትኜ ልምጣ ወይስ ሁሉን ትቼ ልምጣ? ምን እንዳለችኝ አንቺ ንገሪኝ።»

እትዬ፣ ለካስ አታስመስልም ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ እሷ ውስጥ ሆና የእውነት ታወራው ነበር። እኛ ሦስታችን አፋችንን ስንይዝ የሚናገረው ድምፅ የሌለው ሰው ብቻ ነበር።

ባለፎቶ ቤቱን አስፈቅጄ የመጨረሻውን ቪዲዮ ከፈትኩት። አልሸፈንኩትም። እሳቸው ራሳቸው አዝግሞ እንዲሄድ አደረጉልኝ፤ ለሠርግ ነው እንጂ ለዚህ ተጠቅመንበት አናውቅም። ዕንባዋን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትደጋግማለች። መጀመሪያ እንደወትሮው «አትምጣ» የምትለው መስሎኝ ነበር። የቀድሞዎቹንም ከፍቼ አስተያየሁ። «አትምጣ» ለማለት «ም» ላይ ከንፈር መግጠም አለበት። በቀድሞዎቹ ሁሉ ይገጥማል። በዚህኛው አይገጥምም። አፏ ክፍት እንደሆነ ነው፤ ምላሷ ብቻ የላይ ጥርሷን ይነካና ይለቃል። ባለፎቶ ቤቱ ከኋላዬ ሆነው ቃሉን በራሳቸው አፍ ሞከሩት። እኔም ሞከርኩት።

«ና» ነው የምትለው። «ና፣ ልጄ፣ ና።»

ቤት ስገባ የወንድም ጋሼ ወረቀት መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ የሚለውን ትእዛዝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ደገመችልኝ። ለእኔ ያንን ትላለች፤ እንደማይሰማት ላመነችው ልጇ ደግሞ ና ትላለች። የትኛው እውነቷ እንደሆነ አንቺን ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ። ግን ወስኚ ብለሽኛል። ና ማለቷን እነግረዋለሁ። ፈተናው ቢያመልጠው ልትረግመኝ ትችላለች። ይሁን፤ እርግማኗንም የማነበው እኔ ነኝ።

ሹፌሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ካምፑ ይመለሳል። ጠዋት ስልኩን በርጩማው ላይ አቆመዋለሁ፤ ውጪ ስትለኝ ግን አልወጣም። ወንድም ጋሼ ሲሰማሽ ቆይቷል እላታለሁ። ከዚያ አጠገቧ እቀመጥና አዝግመሽ ተናገሪ እላታለሁ፤ እሷ በከንፈሯ ያለችውን እኔ በድምፄ እላለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ራሴን በቪዲዮ ሰምቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የአንገቷ ፉጨትም ይሰማል፣ የጎረቤትም በር ይሰማል። ይሰማ።

ያንን የመጀመሪያውንም፣ ቆብህን አድርግ የምትልበትን፣ በአንድ ፍላሽ ላይ አብሬ አደርገዋለሁ። የድምፁን ዓይነት አሮጌው ማጫወቻ ወደሚያውቀው እቀይራለሁ። ሳጥኗ ላይ ምልክቱን አደርጋለሁ። በማዳመጫ እሰማዋለሁ። ከዚያ ሹፌሩ እጅ ላይ ራሴ አስቀምጠዋለሁ።

ታናሽሽ